ሰርቨሩን ያለበስኩት ዳንቴል

በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ልጅ አልነበርኩም፣ ሳላውቅም አላጠፋሁም፤ ይህንን ከወዲሁ ያዙልኝ። አሁን የምጽፈውን ለልጄ አልነገርኳትም፣ ለእህቴ አልነገርኳትም፣ ከሰላት በኋላ እጄን ዘርግቼ ዱዓ ሳደርግ እንኳን ዘልዬው ነው የማልፈው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ያውም ጭነት እስኪራገፍ መኪና ውስጥ ተቀምጬ። ጽሑፌ ቢጣመም አትፍረዱብኝ። በጥፋቴ ግን ፍረዱብኝ፤ እሱ ቀጥ ያለ ነው።

እንድሪስ እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ቤቴ ደሴ፣ ሆጤ ነው። ሚስቴ ፋጡማ ከሞተች በኋላ አብራኝ የቀረችው ልጄ ዘይነባ ናት፤ ሥራዋ የሠርግ ቪዲዮ ማንሳት ነው። የሴቶቹን ጨዋታ የምታነሳ ሴት ስለሆነች ሰው ይፈልጋታል። ሙሽራዋ ከሴቶች መሀል ስትሆን መከናነቢያዋን ጥላ፣ ፀጉሯን ለቃ ትጨፍራለች፤ ያ ፊልም ባዕድ ወንድ ዓይን እንዳይገባ ቤተሰቡ ዘይነባን አምኖ ይሰጣታል። ስለዚህ ፊልሙ ሁሉ የሚጠራቀምበት ትልቁ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት ሳጥን፣ በሩ በሚቆለፈው በኔ መኝታ ቤት ተቀመጠ። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም እኔ ኪስ ውስጥ። ዘይነባ የምትሠራበት ኮምፒውተር ግቢው ማዶ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነው።

ሁለቱን ያገናኘው አብዱ ነው። አብዱ የእህቴ የዘሃራ ልጅ፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ጎልማሳ። በፊት በነበረው ገመድ አንድ ሠርግ ከክፍል ወደ ክፍል ለማለፍ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። አብዱ ከአዲስ አበባ ሁለት ፈጣን የኔትወርክ ካርድ አመጣ፣ ያገለገለ ግን ጠንካራ። አንዱን ሰርቨሩ ውስጥ፣ አንዱን ሰርቪስ ቤት ያለው ውስጥ ከተተ፤ አዲስ ገመድም ዘረጋ። ዘይነባ ሻይ ቀድታ ሳትጨርስ ፊልሙ ደረሰ። እልል አለች።

በዚያው ሳምንት ሳጥኑን አለበስኩት። እኛ ቤት ራቁቱን የሚቆም ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑም ማቀዝቀዣውም ፋጡማ የሠራችውን ዳንቴል ለብሰዋል። ትልቋን ዳንቴል አወጣሁና ለአቧራው ከሥር ላስቲክ፣ ከላይ ዳንቴል አድርጌ እስከ መሬት ሸፈንኩት። አብዱ በእሑዱ መጣና ሲያይ ደነገጠ።

«አጎቴ፣ ይቺ ካርድ ትግላለች። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ በሚጮኽበት ክፍል እንድትሠራ ነው የተሠራችው። አየር ካጣች እየጠፋች እየበራች ታስቸግረናለች። እባክዎ ምንም አያልብሷት።»

ዳንቴሉን ገፍፎ አልጋዬ ላይ ወረወረው። ወረወረው አልኩ? ውሸቴን ነው። አጥፎ ነው ያስቀመጠው። አያችሁ፣ እስከ ዛሬ ልዋሽበት ይቃጣኛል።

ያለው ነገር አልገባኝም ነበር እንዳልል ሾፌር ነኝ! ጭነት ይዤ ከኮምቦልቻ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስንት ጊዜ ነው ሞተር ሲግልብኝ ዳር ይዤ፣ ኮፈን ከፍቼ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስኪበርድ የጠበቅኩት? አብዱ ገና አፉን ሳይዘጋ ነው የገባኝ። ከዘይነባ በላይ፣ ከሰፈሩ ሁሉ በላይ የገባው ለኔ ነው። እና ምን አደረግኩ? አብዱ ሚኒባስ እንደተሳፈረ መልሼ አለበስኩት።

ለምን? በገዛ መኝታ ቤቴ፣ በገዛ ሚስቴ እጅ ሥራ፣ ትናንት አዝዬው የነበረ ልጅ «አያልብሱ» ስላለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈልጌ አጥቻለሁ።

በማግስቱ ፊልሙ መሀል መንገድ ላይ ተቋረጠ። ካርዷ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ትጠፋለች፣ ትበራለች፣ ደግሞ ትጠፋለች። ዘይነባ ለአብዱ ደወለች። አብዱ ሁሌ ከመነሳቱ በፊት «መጣሁ» ብሎ ይደውላል፤ እኔም ያን ስሰማ ዳንቴሉንና ላስቲኩን ገፍፌ አልጋ ሥር እከታለሁ። ከኮምቦልቻ ሆጤ እስኪደርስ ሳጥኑ ይበርዳል። እሱ ሲነካው ደህና ነው፤ ሲሄድ አለብሰዋለሁ፤ ይሞታል። በእጄ ነው የማደርገው። በነዚህ እጆች፣ ለሰላት በማጥባቸው።

ያ ልጅ ያልሞከረው አልነበረም። ገመዱን ቀየረ። የሁለቱን ካርድ ቦታ አለዋወጠ። ካርዷን ነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካ። አንድ እሑድ ደግሞ «ዛሬ ድራይቨሩን ልቀይረው ነው» አለ።

«ሾፌሩን? ምን አጠፋ፣ መሪ ላይ ተኛ?» አልኩት።

ሳቀ። «ካርዷን የሚያሠራት ፕሮግራም ነው አጎቴ። እርስዎን ማን ይቀይርዎታል!»

እኔም ሳቅኩ። አልጋው ሥር ዳንቴሉ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ እኔ ከላይ ተቀምጬ እስቃለሁ። ከዚህ የከፋ ሳቅ ታውቃላችሁ?

እየቆየ ጠረጠረ። ዘይነባ አንድ ቀን በሬ ላይ ቆማ «አባ፣ አብዱ ‹ሙቀት ነው› ይላል። ትሸፍነዋለህ እንዴ?» አለችኝ። አባቷ ክፍል ሳይፈቀድላት የማትገባ ልጅ ናት፤ አንድ እርምጃ ብትራመድ ኖሮ ታየው ነበር። «እኔ ምን አግብቶኝ!» ብዬ ጮህኩባት። አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ከዚያ የደረሰው ደረሰ። የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ሠርግ ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ተቋረጠ፤ ዘይነባ ያለፈ መስሏት ካሜራው ላይ የነበረውን አጥፍታው ነበር። ፊልሙ ጠፋ። የሙሽራዋ አጎት ግን ጠፋ ብሎ አላመነም። «የሚጠግነው ወንድ ነው አይደል? ደህናውን እያወቀ ያበላሻል፣ ልጠግን ብሎ ይገባል፣ የሴቶቻችንን ገላ ቀድቶ ይወጣል» አለ። ወሬው ኮምቦልቻ ወረደ። ከኮምቦልቻ ደጋን ደረሰ፤ ደጋን ደግሞ አብዱ ያጫት ልጅ ቤተሰብ አለ። ለአንድ ጨዋ ልጅ ከዚህ የባሰ ስም ከየት ይመጣል?

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች እኔው ሳሎን ተቀመጡ። ነገሩን የያዙት ሸህ ይመር ናቸው፣ የሰፈራችን ትልቅ ሰው። የሙሽራዋ አጎት በአንድ በኩል፣ አብዱ ብቻውን በሌላ በኩል። ዘሃራ ከዘይነባ ጋር በሩ ጀርባ ቆማለች። አብዱ የተናገረው አጭር ነው፤ «አንድም ፊልም አልከፈትኩም። ካርዷ እየጋለች ነው የምትቋረጠው። እኔ ስሄድ የሚሸፍናት ሰው አለ። አጎቴን ይጠይቁልኝ» አለ።

ሸህ ይመር ወደ እኔ ዞሩ። «እንድሪስ፣ ቁልፉ ያለው አንተ ዘንድ ነው። ይህን ዕቃ ሸፍነኸዋል? በአላህ ፊት ተናገር።»

አስቡት። «አዎ» ማለት ነበር። አንዲት ቃል። የሚቀርብኝ ምን ነበር? አንድ ከሰዓት ማፈር፣ የሽማግሌዎች ሳቅ፣ የልጄ ኩርፊያ። ያ ብቻ! እኔ ግን «ወላሂ» አልኩ። «ወላሂ፣ እጄ ነክቶት አያውቅም።»

አብዱ ብድግ አለ። ፊቱ ጠቁሯል። «አጎቴ፣ ሐረጎ ላይ ሞተር ሲግልብዎ ምን ያደርጉ ነበር?» አለኝ። ማንም አልገባውም፤ ለኔ ብቻ ነው የተናገረው። ያውቅ ነበር። እንደሚያውቅ አወቅኩ።

«ሽማግሌ ፊት አፍህን አትክፈት፣ ባለጌ!» አልኩት።

ሸህ ይመር በኔ መሐላ ፈረዱ። ሌላ ምን ያድርጉ? ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ለዳንቴል ብሎ በአላህ ይምላል ብሎ ማን ያስባል? አብዱ ዳግመኛ እዚያ ቤት እንዳይገባ ተባለ። የደጋኖቹ ማጫውን መለሱ። ፋብሪካው ውስጥም ሰዎቹ በጎን ሲያዩት አልቻለም፤ ወር ሳይሞላው ተነስቶ ጅቡቲ ሄደ፣ ይኸው አልተመለሰም። እህቴ ዘሃራ ያን ቀን ከደጄ ስትወጣ ዞራ አላየችኝም። ከዚያ ወዲህም ደጄን አልረገጠችም።

«የሚስቱ ማስታወሻ ስለሆነበት ነው፣ ኀዘን ነው» የሚለኝ ይኖራል። አፉን ይያዝ! ፋጡማን አታስገቡብኝ። ፋጡማ ብትኖር ዳንቴሉን በገዛ እጇ ገፍፋ፣ በሱው ፊቴን ትመታኝ ነበር። «ሽማግሌ ነው፣ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል» የሚለኝም ይተወኝ። አውቅ ነበር። እያወቅኩ ሸፈንኩ፣ እያወቅኩ ማልኩ። አውፍ በለኝ ብዬ አብዱ ፊት መቆም ያለብኝ እኔ ነኝ፤ እስካልቆምኩ ድረስ እናንተ ይቅር ብትሉኝ ምን ይሠራልኛል? አልፈልገውም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሱብሂ ሰገድኩና ዳንቴሉን አነሳሁት። ላስቲኩንም አነሳሁ። አጣጥፌ የፋጡማ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ፣ ቆለፍኩ። የሚያዘኝ ሰው የለማ! አሁን ገና በገዛ ፈቃዴ ሆነ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ዘይነባ አንድ ሙሉ ሠርግ ከሰርቨሩ ሳበች፤ መብራቷ አንዴም አልጠፋችም። ግቢውን አቋርጣ እየሮጠች በሬ ላይ ቆመች።

«አባ! አለፈ! ሳይቋረጥ አለፈ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለካ እውነታቸውን ነው። የአብዱ እጅ ሲነሳለት ዳነ።»

እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ቀና ብዬ አየኋትና «አልሃምዱሊላህ በይ» አልኳት።