ለአንድ ጆሮ የተገዛ ማጉያ

አባቴ ጆሮውን የሰጠው ለወፍጮ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የሰው እህል ሲፈጭ ኖረ፤ ወፍጮው ደግሞ በፈንታው የእሱን ጆሮ ፈጨ። ግራው ከሞተ ቆይቷል። ቀኙ ተጠግተው ከጮኹበት ይሰማል፤ ራቅ ካሉ ግን የለም። የመስሚያ መሣሪያ አምጥተንለት ነበር፤ ያፏጫል ብሎ ከኪሱ ሳያወጣው ቀረ። ባለፈው ዓመት ያየው ሐኪም የተረፈችውም እየሄደች እንደሆነ ነገረን፤ ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «የምትነግሩት ነገር ካለ ሳትቆዩ ንገሩት» አለኝ። ደግ ነገር የተናገረ መስሎታል።

እኔ ለአባቴ የምነግረው ነገር አልነበረኝም። የማሰማው ነገር ግን ነበረኝ።

ጊታር የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያመላልሱበት ዕድሜ ነው። ቀኑን ሙሉ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ካለ መድኃኒት ቤት ቆሜ የሰው ሳል ሳዳምጥና «ከምግብ በኋላ ይዋጣል» ስል እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ሌላ ድምፅ አማረኝ። ኮምቦልቻ አንድ የሆቴል ባንድ ተበትኖ ዕቃውን ሲሸጥ ቀዩ ኤሌክትሪክ ጊታር ለእኔ ደረሰኝ። ማጉያውን ሌላ ሰው ቀድሞኝ ወስዶታል። ኤሌክትሪክ ጊታር ሆዱ ድፍን እንጨት ስለሆነ እንደ ክራር አያስተጋባም፤ ያለ ማጉያ ሲመቱት ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ያህል ነው የሚጮኸው። ይህን ዝንብ ይዤ እሑድ እሑድ አባቴ ጋ እወርድ ነበር።

ወደ ቀኝ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ባቲ ነው!» ብዬ እጮኻለሁ፤ የቅኝቱን ስም ማለቴ ነው። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ እመታለሁ። እሱ ጣቶቼን እያየ ራሱን ይወዘውዛል፣ ጉልበቱን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። ስጨርስ፣ «ማሻ አላህ፤ ጣት አለሽ» ይለኛል።

«ሰማኸኝ እንዴ አባዬ?»

«ወላሂ ሰምቻለሁ።»

ወሎ ውስጥ ወላሂን እንደ ጨው በየነገሩ ጣል የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። አባቴ ከእነሱ አይደለም። ወፍጮ ቤት እያለ አንዷ ዱቄቴ ጎደለብኝ ብላ ስትነሳበት፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች «እስቲ ወላሂ በል» ይሉታል። ካለ ክርክሩ አበቃ፤ ካላለ ዱቄቱ ዳግመኛ ይመዘናል። እርግጠኛ ካልሆነ አይምልም ነበርና፣ እኔም በተረፈችው ጆሮው ሰምቶኛል ብዬ አመንኩ። ጊታር በያዝኩ ጊዜ ሁሉ ያመሰገነኝ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማመኑ አልከበደኝም።

ደሴ ላይ የሚያስተምረኝ ሰው በሆቴል የሚጫወት፣ በዕድሜ ታናሼ የሆነ፣ በምላሱ ግን ማንንም የማያስቀድም ሰው ነው። እሱ ጋ ማጉያ ስላለ እውነቱን እዚያ እሰማው ነበር። ጣቴ ክሩን በደንብ አይጫነውም፤ ድምፁ ይሰነጠቃል። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ስሄድ ደረጃ እንደምትወርድ አሮጊት ቆም እላለሁ። አንድ ቀን ባቲን ተጫውቼ ስጨርስ፣ «ይሄ ባቲ አይደለም» አለኝ። «የባቲ ገበያ ነው። ግመሉም አለበት።» ሌሎቹ ተማሪዎች ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር እስካለው ቤቴ ድረስ በልቤ እየሰደብኩት ሄድኩ።

እንግዲህ በአንድ በኩል ጊታር እንጀራው የሆነ ሰው ግመል ይለኛል፤ በሌላ በኩል ጆሮ የሌለው ሰው ወላሂ ጣት አለሽ ይለኛል። እኔ የማምነውን መረጥኩ። ሐኪሙ የተናገረውን ስሰማ ደግሞ ጥድፊያ ያዘኝ፤ ያቺ ጆሮ ሳትዘጋ አባቴ በደንብ እንዲሰማኝ፣ የዝንብ ድምፅ ሳይሆን ጊታር እንዲሰማ ፈለግኩ። የልምምድ ማጉያ መግዛት አለብኝ አልኩ።

ለአስተማሪዬ ስነግረው፣ «አትግዢ» አለኝ።

«ለምን?»

«አሁን ስትሳሳቺ ስህተቱ ያንቺ ነው። ማጉያ ስትገዢ የሰፈሩ ይሆናል።»

ስጨቀጭቀው ግን ሙያው አሸነፈውና አስረዳኝ። ለጀማሪ የሚሸጡት ማጉያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው አለ። አንደኛው ዲስቶርሽን የሚሉት ነገር አለው፤ ድምፁን አሻክሮ፣ አወፍሮ ያወጣዋል። በርበሬ የበዛበት ወጥ በይው፤ ሥጋው ደህና ይሁን አይሁን የሚለይ የለም። ሌላኛው ድምፁን እንዳለ ነው የሚሰጥሽ፤ የጣትሽን ሁሉ ይናገራል። «ላንቺ በርበሬው ይሻልሻል» ብሎ ሳቀ።

ለራሴ ብቻ አይደለም፣ ለአባቴ ነው አልኩትና ስለ ጆሮው ነገርኩት። አሁን ሰው ሊሆን ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ሰውየውን ተዪያቸው» አለኝ። «እግዜር ከለላ ሰጥቷቸዋል።» ይህችን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ፍለጋዬን ከሰኞ ገበያ ጀመርኩ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚሸጥ አንድ ሱቅ ገብቼ አምፕሊፋየር አለህ ወይ አልኩት፤ ማጉያን ሻጮች የሚሉት እንደዚያ ነው።

«ለሰርግ ነው ለለቅሶ?»

«ለጊታር።»

«ጊታሩስ ለሰርግ ነው ለለቅሶ?»

ከመደርደሪያው ላይ አፉ እንደ ጥሩንባ የሰፋ ነገር አወረደ። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ከእኔ ነው የሚገዛው፣ ይሄ እስከ ጦሳ ተራራ ይሰማል አለኝ። የምፈልገው ለጦሳ ሳይሆን ለአባቴ የሚሰማ ነው አልኩት።

«አባትሽ ጦሳ ላይ ነው ያሉት?»

እየቀለደብኝ እንዳልሆነ ፊቱን አይቼ ተረዳሁ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው። ልወጣ ስል፣ «አብሽሪ እህቴ፣ እናመጣልሻለን» አለኝ። አብሽሪ እኛ ጋ አይዞሽ ማለት ነው። ለታመመም፣ ለከሰረም፣ ዕቃ አጥቶ ለሚመለስ ገበያተኛም ያው አንዱ ቃል ይበቃል። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት እኔም ራሴ ለማይድን ሰው እለዋለሁ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ክራርና ኪቦርድ ከሚሸጥ ጠባብ ሱቅ ነው። ሁለት ማጉያዎች ነበሩት፤ ልክ አስተማሪዬ እንዳለው አንዱ ትልቅና ባለ ዲስቶርሽን፣ ሌላው ትንሽና ንጹሕ። ትንሹ በእጅ ይንጠለጠላል፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል፣ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት ቀዳዳም አለው። ባለ ሱቁ ይዤው በሄድኩት ጊታር በሁለቱም ተጫወተልኝ። ማጉያ ስትገዙ ሻጩ ሲመታው አትስሙ፤ እሱ ጣቱን እየሸጠላችሁ ነው። ጊታሩን ተቀብዬ ራሴ ሞከርኩት። በትልቁ ላይ ዲስቶርሽኑን ሲያበራልኝ ስንጥቁም መደናቀፉም ሻካራው ድምፅ ውስጥ ጠፋና ጊታር የምትችል ሰው መሰልኩ። ኪቦርድ ሲያይ የነበረ ሰው እንኳ ዞር ብሎ አየኝ። «ይሄ ያምርብሻል» አለ ባለ ሱቁ። በትንሹ ስሞክር ያ ሰውዬ ወደ ኪቦርዱ ተመለሰ።

ትንሹን ገዛሁ። አባቴ ወፍጮው ሳያደነቁረው በፊት ለሰርግ እየተጠራ የሚያዜም ሰው ነበር፤ በጉልምስናው ባቲን ሲያወጣ ሙሽራው ራሱ ይረሳ ነበር ይላሉ። እንዲህ ላለ ሰው ባቲን በበርበሬ ሸፍኜ አላቀርብም አልኩ። በፈጣሪ ስም የማለልኝን ሰው አላጭበረብርም፣ ንጹሑን ይስማ አልኩ። ኮርቼ ነበር፤ ኩራቴን እወቁልኝ።

«ይቺ እኮ ትንሽ ናት» አለኝ ባለ ሱቁ ሲጠቀልልልኝ፤ «ለስንት ሰው ትሰማለች?»

«ለአንድ ጆሮ» አልኩት።

ቤቴ ወስጄ መለማመድ ጀመርኩ። በማግስቱ ጠዋት አከራዬ በሩ ላይ ጠብቀው፣ «የኔ ልጅ፣ ድመትሽን ምን ነካት?» አሉኝ።

«ድመት የለኝም እትዬ።»

እሳቸው ጊታሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «አብሽሪ» ብለው ወደ ጓዳቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ማዳመጫ ሰክቼ ብቻ ተለማመድኩ። ሌላ ዘፈን አልነካሁም፣ ባቲን ብቻ። የጣቶቼ ጫፍ ተላጠ፣ ደረቀ፣ መድኃኒት ስቆጥር የሻከረው ጣቴ ወረቀቱን ይይዝ ጀመር። ስንጥቁ ቀነሰ። ደረጃ የምትወርደዋ አሮጊት ትንሽ ፈጠነች። አስተማሪዬም «ግመሉ ወጥቷል፤ ፍየሎቹ ቀርተዋል» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ከዚያ በአንዱ እሑድ ማጉያውን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የደሴን ብርድ ለብሼ ነው የወጣሁት፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሹራቤን አወለቅኩ። አባቴ ግቢው ውስጥ ፓፓያው ሥር ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ነበር። ምን እንደያዝኩ ወደ ጆሮው ቀርቤ ስነግረው ደስ አለው። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ማዳመጫውን አጠለቅኩለት፤ ኬብሉን ሰካሁ፤ የድምፁን ቁልፍ ለጤነኛ ጆሮ ከሚገባው በላይ ከፈትኩት። «ባቲ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ራሱን ነቀነቀ። መዳፉን ጉልበቱ ላይ አዘጋጀ።

መታሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አልመታሁም፤ ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፣ ያለኝ ሁሉ ያ ነበር።

መዳፉ አንዴ ተነሳ፣ ሁለተኛ ግን አልወረደም። ፊቱ ተኮማተረ። ወደ በሩ አየ፣ ወደ ጎረቤት አጥር አየ፣ ከኋላው ዞሮ አየ። ከዚያ ደንቆሮ እንደሚናገረው ግቢውን በሚሞላ ድምፅ፣ «ማነው?» አለ።

ማቆም ፈራሁና መምታቴን ቀጠልኩ።

«ማነው የሚነካካው? እዚህ ውስጥ አንድ የሚነካካ ሰው አለ» አለ ማዳመጫውን በጣቱ እየነካ። «ዝም በል በይልኝ፤ አንቺን ልስማሽ።»

ጊታሩን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ማዳመጫውን ከቀኝ ጆሮው አነሳሁ። «እኔ ነኝ አባዬ» አልኩት።

ሳቀ፤ ተራ ቀልድ የቀለድኩ መሰለው። «አንቺንማ አውቅሻለሁ» አለኝ። «ያንቺን ስንት እሑድ ሰምቼዋለሁ፣ ወላሂ። እንዲህ አይደለም።» አጥሩ ማዶ የጎረቤት ሴቶች ልብስ እያሰጡ ነበር፤ እጃቸው ገመዱ ላይ ቆመ።

ያኔ ነው የገባኝ። አልዋሸኝም። እኔ «ባቲ ነው!» ብዬ በጮኽኩ ቁጥር እሱ በውስጡ የራሱን ባቲ ይጀምር ነበር፤ ጣቶቼ ሲንቀሳቀሱ ያያል፣ ድምፁን ከራሱ ያመጣል። በእነዚያ እሑዶች ሁሉ ሲሰማ የነበረው ራሱን ነው። ለእኔ ብሎ የማለው በገዛ ጉሮሮው ነበር። የዛሬው እውነተኛው እኔ፣ ንጹሑ፣ መርጬ የገዛሁት ደግሞ ዝም መባል ያለበት ሰው ነው።

ልነግረው እችል ነበር። ልቤ ንገሪው አለኝ፤ ጮኸሽ ንገሪው፣ የሰርጉም የጉሮሮውም ነገር ድሮ ቀረ በዪው፣ ይህ የምትሰማው ድመት ልጅህ ናት በዪው አለኝ። ቁጣዬ እስከ ጥርሴ ደርሶ ነበር። ማዳመጫውን መልሼ አጠለቅኩለትና የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዘጋሁት። ከዚያ መምታት ጀመርኩ።

ፊቱ ተፈታ። «ኧሃ» አለ፤ «አሁን ገና!» መዳፉ ጉልበቱ ላይ ወረደ፣ ተነሳ፣ ወረደ። ዓይኑ ከጣቶቼ አልተነቀለም፤ እንባ አቅርሮ ነበር። ለጎረቤቶቹ እንዲሰማ ይሁን ወይም ራሱን መቆጣጠር አቅቶት፣ «ይቺ ናት ልጄ!» አለ።

እንደዚያን ሰዓት ማንንም ጠልቼ አላውቅም። ሆኖም እጄን ማቆም አልቻልኩም፤ ዘፈኑ የት እንደደረሰና መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።