ከወደቀው ዝግባ ያልወጣ ጣውላ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ ተረት የሚነግረን አባቴ ነበር፤ የምታበላሸው ደግሞ እናቴ። ቤታችን ከጂንካ በላይ፣ ደኑ የሚጀምርበት ጥግ ላይ ነበር፤ አባቴ የዚያ ደን ጠባቂ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሎ፣ አመሻሹ ላይ ጭቃውን ከጫማው አራግፎ ሲገባ እኔና ታናሽ ወንድሜ ምድጃው ዳር ቦታችንን ይዘን እንጠብቀው ነበር። ያኔ መብራት የምንለው ኩራዝ ነው፤ ጋዙ ቶሎ እንዳያልቅ እናቴ ክሩን ዝቅ ታደርገውና ቤቱን የሚያበራው ፍሙ ይሆናል። ፍሙ ሥር ጎደሬ ተቀብሯል። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ጎደሬው እስኪበስል አባቴ በአገሩ ቋንቋ፣ በአሪኛ ይተርክልናል።

ከሁሉ የምንወደው ስለ ወደቀው ዛፍ የሚተርከውን ነበር። አንድ ትልቅ ዛፍ በንፋስ ይወድቃል፤ አውሬዎቹም ውርሱን ሊካፈሉ ይሰበሰባሉ። ነብር ለመኝታዬ ይላል፣ ንብ ለቤቴ ትላለች፣ ምስጥ ለእራቴ ይላል፣ ጉሬዛ ደግሞ ምንም ሳይፈልግ ዝም ብሎ ይጮሃል። አባቴ የጉሬዛውን ጩኸት ሲያሰማ ወንድሜ በሳቅ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር። በመጨረሻ ዛፉ ራሱ፣ «ኧረ ቀስ በሉ፤ ደክሞኝ ጋደም አልኩ እንጂ መች ሞትኩ!» ይላቸዋል። ልክ እዚህ ላይ ስንደርስ እናቴ ታቋርጠዋለች፤ «ለሰውስ? ለሰው ምን ደረሰው?» አባቴም የተናደደ መስሎ፣ «ሰው አልተጠራም፤ አርፈሽ ጎደሬሽን አገላብጪ» ይላትና ተረቱ በሳቅ ይበተናል። መጨረሻውን አንድም ቀን በቅጡ ሰምተነው አናውቅም።

ደኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ሁሉ በልጅነታቸውም እንዲሁ ግዙፍ ሆኖ ያገኙት አንድ ዝግባ ነበረ። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ደኑ ባለቤት የለውም ተብሎ መጥረቢያ ሲገባበት እንኳ ያንን ዝግባ የደፈረው አልነበረም። አባቴ የተቀጠረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በየዕለቱ ጉቶ እያየ የሚውል ሰው ስለነበር በሥራው ቀልድ አያውቅም። አንድ ዓመት ዝናቡ በርትቶ መሬቱን ሲያላላው፣ ዝግባው ከነሥሩ ተነቅሎ ወደቀ። ድምፁ ቤታችን ድረስ ተሰማ፤ አባቴ ምሳውን ትቶ ሮጠ።

ከወረዳ የመጡት ሰዎች ዞረው አዩትና፣ ከጥብቅ ደን የቆመም የወደቀም አይወጣም ብለው ሄዱ። ከሰው ጋር መጋፈጡ የአባቴ ፋንታ ሆነ። መንደርተኛው ይቀልድበት ነበር፤ ቆሞም አትንኩ፣ ወድቆም አትንኩ፣ ታዲያ ለምስጥ ነው የምትጠብቀው? «አዎ፣ ለምስጥ ነው» ይላል አባቴ። ሲቀልዱበት ቆይተው ሲደክማቸው ደግሞ፣ «ዛሬ የወደቀውን ብሰጣችሁ፣ ነገ የሚወድቀውን አትጠብቁም፤ ትጥሉታላችሁ» ይላቸው ነበር።

ጎረቤታችን እማማ ብርቄ ግን ሊቀልዱ አልመጡም። ጎልማሳ ልጃቸው በወባ ሞቶባቸው ለሬሳ ሳጥን የሚሆን ጥቂት ጣውላ ለመኑት። አባቴ እምቢ አለ። ልጁ በሰሌን ተጠቅልሎ ተቀበረ፤ አባቴም ከቆፋሪዎቹ ጋር ጉድጓዱን ሲቆፍር ዋለ። እናቴ አኮረፈችው። «አንድ ጣውላ ቢወጣ ደንህ ራቁቱን ይቀራል?» አለችው። እሱ ጫማውን አጥልቆ ወደ ደኑ ወጣ፤ ያን ሰሞን ማታ ማታ ተረት ቀረ። በኋላ ታረቁ፤ እሷ ኩርፊያ አይበረክትላትም።

ዝናቡ ሳያባራ እናቴን ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጂንካ ሊያወርዷት ወጡ፤ ወንዙ ሞልቶ መለሳቸው። ሕፃኑም እሷም አልተረፉም።

በማግስቱ ከወላይታ መጥቶ ሰፈራችን የከተመው አናጢ፣ ወንድም ዘካርያስ፣ መጋዙን ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር መጣ።

«ወንድም ጴጥሮስ» አለው አባቴን፣ «ከተማ ወርደን ሳጥን እንዳንገዛ ወንዙ እንደሞላ ነው። ዝግባውን እኛ አልጣልነው፤ እግዚአብሔር ነው የጣለው። ፍቀድልኝና ለእህታችን ሳጥን ልሥራላት።»

አባቴ መሬት መሬት ያያል። እኔ ጋቢውን ይዤ፣ «አባዬ፣ ለእማዬ ይሠራላት!» እያልኩ እጎትተዋለሁ። ያኔ ከአስከሬኑ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት እማማ ብርቄ ብድግ አሉ። ለቅሶው ጋብ አለ።

«ልጄ፣ በኔ ምክንያት ከሆነ ተወው» አሉት። «ቁረጥላት። አልቀየምህም።»

«እርስዎ ባይቀየሙኝ፣ እኔ ራሴን ምን እለዋለሁ እማማ?» አለ አባቴ፤ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖም እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ወንድም ዘካርያስ መጋዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አብሮት ተቀመጠ።

እናቴን ከነሕፃኗ በሰሌን ጠቅልለው ቀበሯት። ዘማሪ ነበረች፤ ጓደኞቿ አብራቸው የምትዘምረውን መዝሙር ጀምረው መጨረስ አቃታቸው።

ከወራት በኋላ ወንድሜ አባቴን ተረት ካልነገርከኝ ብሎ አስጨነቀው። አባቴ ጀመረ። ነብሩም፣ ንቧም፣ ምስጡም በየተራ መጡ፤ ጉሬዛው ሳይጮህ ታለፈ። ዛፉ መች ሞትኩ ካለ በኋላ አባቴ ቆመ። እንደ ልማዱ እስኪቋረጥ ይጠብቅ ነበር። ማንም አላቋረጠውም። ጎደሬው ፍም ውስጥ ሲያር ሸተተን። ከዚያ ወዲያ አባቴ ተረት ነግሮን አያውቅም።

ዛሬ የምኖረው ጂንካ ነው፤ ልጆችም አሉኝ። ባለፈው ዓመት ይዣቸው ደኑ ገባሁ። ዝግባው ወድቆ በቀረበት በስብሷል፤ ግንዱ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል፤ ላዩ ላይ ግን የዝግባ ችግኞች በቅለዋል፣ ሥሩ ደግሞ እንጉዳይ ሞልቷል። አያታችሁ ያቆዩት ነው ብዬ አሳየኋቸው። ኮራሁበት፣ አልዋሽም። አባቴ ከመሞቱ በፊት እናቴ ስለተቀበረችበት ቀን ያነሳልኝ አንዴ ብቻ ነው። «ፈቅጄ ቢሆን ዕድሜ ልኬን ይቆጨኝ ነበር» አለኝ። «ይኸው አልፈቀድኩም፤ ዕድሜ ልኬን ቆጨኝ።» እጁን ያዝኩት።

አባቴ ልክ ነበር። አሁንም በየስብሰባው ስለ ወደቁ ዛፎች ይከራከራሉ፤ ይሸጡ የሚል አለ፣ ለትምህርት ቤት ወንበር ይሁኑ የሚል አለ፤ እኔ ብጠየቅ በወደቁበት ይቅሩ እላለሁ፣ ምክንያቱንም ከነዝርዝሩ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ዝናቡ የቤቴን ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር ማወቄ ምንም አይረባኝም። እናቴ ከሞተችበት ዕድሜ ያለፍኩ ትልቅ ሴት ነኝ፤ እስከ ዛሬ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር እናቴ እዚያ ሰሌኗ ውስጥ የምትረጥብ ይመስለኛል።