የሚግ ሆድ ቀለም

ዘገየ በወጣትነቱ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ የሚግ ሃያ አንድ ተዋጊ አውሮፕላን መካኒክ ነበር። ሆላንድ አገር፣ ዴን ሃግ ከተማ ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ላክ በሚባል ሰፈር ከባለቤቱ ከኑኃሚን ጋር ይኖራል፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቢሮ ሲያጸዳ ኖሯል። እጁ ግን ከአውሮፕላን አልተላቀቀም፤ ከእንጨት እየጠረበ ጣት የምታህል ሚግ ይሠራል፣ አንዷ ሦስት ሳምንት ትፈጅበታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈሩ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚጫወቱት ሆላንዶች "ሜስተር፣ ባለሙያው" ይሉታል። እዚያ አዳራሽ ሲገባ እሱም እንደ ሰው ይቆጠር ነበር።

ከዚያ ኣኽሊሉ ወደ አዳራሹ መጣ። ስኪዳም ከተማ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት የተማረ ኤርትራዊ ነው። ልጁ ፕሪንተር ገዝታለታለች፤ ፈሳሽ ሬዚን በብርሃን እያጠነከረ፣ ስስ በስስ እየደረበ ቅርጽ የሚያወጣ። በመጀመሪያው ቀን በጫማ ካርቶን አሥራ ሁለት ሚግ ይዞ ገባ። የክንፋቸውን ቆርቆሮ የሚያያይዘው ሪቬት ምስማር ሳይቀር ይቆጠራል።

"በስንት ቀን ሠራሃቸው?" አለ ዘገየ።

"ማሽኑ ነው የሠራቸው። እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።"

ሰዉ ሳቀ። ዘገየም ሳቀ፤ ውስጡ ግን እርር አለ። ቤቱ ገብቶ ምሳ አልበላም። ኑኃሚን ምን ሆነሃል ስትለው፣ "ቁልፍ የተጫነ ሁሉ ባለሙያ ሆነ" አላት።

ሮተርዳም ላይ በየዓመቱ የሚካሄደው የትናንሽ አውሮፕላኖች ኤግዚቢሽንና ውድድር ሲቃረብ ኣኽሊሉ ደወለ።

"ቀለም ልቀባቸው ነው። ከሥር ምን ዓይነት ነበሩ? በእጅህ የነካሃቸው አንተ ነህ።"

የሚጎቹ ሆድ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነበር። ዘገየ ስንቱን በጨርቅ ወልውሏል።

"አረንጓዴ" አለ። "ከላይም ከታችም አረንጓዴ።"

ስልኩን ከዘጋ በኋላ መልሶ ሊደውል አሰበ። አልደወለም። እንዲያውም ደስ አለው።

በኤግዚቢሽኑ ቀን የኣኽሊሉ ሃያ ሚጎች መሃል ላይ ተሰልፈው ሰው ከቧቸዋል። የዘገየ ሦስት የእንጨት ሚጎች ጥግ ይዘዋል። አንድ ሽማግሌ ዳኛ ከኣኽሊሉ ሚጎች አንዱን ገልብጦ አየና፣ "ይሄ ስህተት ነው፣ ከሥሩ ሰማያዊ መሆን ነበረበት" አለ። ዘገየ፣ ኣኽሊሉ አሁን ስሜን ይጠራል ብሎ ጠበቀ።

"የኔ ስህተት ነው" አለ ኣኽሊሉ። ሌላ አልጨመረም።

ሲመለሱ ሜትሮ ጣቢያ ቆመው ሳሉ ዘገየ መታገሥ አቃተው።

"እኔ እንደነገርኩህ ለምን አልተናገርክም?"

"ምን ይጠቅማል?"

"አውቄ ነው የዋሸሁህ።"

"ጎረምሳ ሳለሁ ከረን አጠገብ ጉድጓድ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ አይቻቸዋለሁ" አለ ኣኽሊሉ። "ሰማያዊ ይመስሉኝ ነበር። አንተ አረንጓዴ ስትለኝ፣ ፍርሃት ነው ዓይኔን ያሳሳተው አልኩ። የኔን ትቼ ያንተን አመንኩ።"

ባቡሩ መጥቶ ሄደ።

በማግስቱ ብሩሹን ይዞ ስኪዳም ሄደና የሃያውንም ሆድ አንድ በአንድ ሰማያዊ ቀባ። ኣኽሊሉ አጠገቡ ተቀምጦ፣ "እጅህ አይንቀጠቀጥም። እንዳንተ ብችል ብዬ ስንት ጊዜ ቀናሁ" አለው።

ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ ይገናኛሉ። ማሽኑ አዲስ ክንፍ ሲያወጣ ባየ ቁጥር ዘገየን ያው ነገር ያቃጥለዋል። አይደብቀውም፤ "ዛሬም ቀናሁ" ይለዋል፣ ቀለሙንም በትክክል ይነግረዋል።