የተሰባበረው ብስኩት የእህቴ ነበር

ብስኩቱን ያስተማረችኝ አንዲት የሜክሲኮ ነርስ ነች። እዚህ ጁባ፣ ምግብ አብሳይ ሆኜ በተቀጠርኩበት የእንግዳ ማረፊያ ትኖር ነበር። አገሯ ሲናፍቃት ወጥ ቤት ትገባና ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ገበያ ላይ ያንሱን የሚሉትን ጥሩ መዓዛ ያለው ፍሬ ትወቅጣለች። ከዱቄት፣ ከስኳርና ከስብ ጋር አሽታ ትጋግረዋለች፤ ከምድጃው ሲወጣም ገና በትኩሱ ቀረፋ የተቀላቀለበት ስኳር ላይ ታንከባልለዋለች። በእሷ አገር ስቡ የአሳማ ነው። እኔ በቅቤ ሠራሁት። ደግ አደረግሁ፤ ኋላ ሙኑኪ ሰፈር ያለው ሐበሻ ባለሱቅ ብስኩቴን ሊሸጥልኝ ሲስማማ፣ ሙስሊም ነውና፣ ከሁሉ በፊት የጠየቀኝ ስለ ስቡ ነበር።

ማረፊያው ሲዘጋ ነርሷም ወደ አገሯ ሄደች፤ እኔም ጉዴሌ ሰፈር ካለው ቤታችን መጋገር ጀመርኩ። ቤታችን ስል የእኔና የታላቅ እህቴ ማለቴ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ጋምቤላ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ያሳደገችኝ እሷ ነች። እኔ አማርኛን ትምህርት ቤት ስማር እሷ ገበያ ላይ ሻይ ስትሸጥ ለመደችው። እስከ ዛሬ ወሬያችንን በአማርኛ ጀምረን በእናታችን ቋንቋ እንጨርሳለን። እኔ እቴቴ እላታለሁ።

ሊጡን እኔ አሻለሁ፤ እቴቴ ትዳምጠዋለች፣ በሻይ ብርጭቆ አፍ እያተመች ትቆርጠዋለች። ይህ ብስኩት ሲበዛ ፍርፍር ስለሚል ከየመጋገሪያው የሚሰባበር አይጠፋም። ባለሱቁ የተሰበረ አይቀበልም። እኔ ታዲያ ስብርባሪውን በሳህን ሰብስቤ ለእቴቴ እሰጣት ነበር። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ የተረፈ የምትበላ ሰው ነች፤ የሚጣል ነገር አይሆንላትም። ስትበላ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። እኔም ያን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ለእኔ ስታጎርስ ኖራ አሁን እኔ እያጎረስኳት መሰለኝ።

ከዚያ እግሯ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን አለች። ውኃ ጥምም ጸናባት። ክሊኒክ ስወስዳት ሐኪሙ ስኳር እንዳለባት ነገረን። ስኳርና የዱቄት ነገር ቀንሺ አላት። እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ ብስኩት አብልቻት ይሆን የመጣባት ብዬ ጠየቅሁት። በሽታው በዘርም እንደሚመጣ፣ ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምሯት ሊሆን እንደሚችል፣ በአንድ ነገር ብቻ ማመካኘት እንደማይቻል አስረዳኝ። ሰማሁት፤ ልቤ ግን አልሰማውም። ዓይኔ ላይ የነበረው ያ ሳህን ነው።

መጋገሩን መተው አልቻልኩም፤ የምንበላው ከእሱ ነው። እቴቴም መቁረጡን አልተወችም። የቆሰለ እግሯን ዱካ ላይ ዘርግታ፣ አንድ ፍርፋሪ እንኳ አፏ ሳይገባ ትውላለች። ቤቱ በቀረፋ ሽታ ሲታፈን ቀና ብዬ ላያት አፍራለሁ። ፊቷ መብላቱን ተውኩ፤ ግን የጋገሩትን ሳይቀምሱ መላክ አይቻልም፤ ስለዚህ ከቤቱ ጀርባ፣ ከውኃው በርሜል ዘንድ ቆሜ እንደ ሌባ ቸኩዬ እውጣለሁ።

ለነርሷ በስልክ ጻፍኩላት። በእነሱ አገርም ይህ በሽታ ብዙ ሰው እንደያዘ፣ እናቷ ስንዴና ስኳር የሌለበት ብስኩት እንደምትጋግር መለሰችልኝ። እነሱ የሚጠቀሙበት የአልሞንድ ዱቄት እዚህ በእኔ አቅም አይገኝም፤ በፈንታው ለውዝ ቆልቼ ወቀጥኩ። እንቁላልና ቅቤ ጨመርኩ፣ ቀረፋውን አበዛሁ፣ በስኳር ፈንታ ፋርማሲ የሚሸጠውን ነጭ የማጣፈጫ ዱቄት አደረግሁበት። የመጀመሪያው እጄ ላይ እንደ አሸዋ ፈሰሰ፤ የሚቀጥለው ተቃጠለ። ደህና ቅርጽ ሲይዝልኝ ለእቴቴ ሰጠኋት፤ በላችና "ይጣፍጣል" አለች። ትንሽ ቀለል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ለእሷ ለብቻዋ እጋግርላት ጀመር።

አንድ ቀን ወደ ሙኑኪ ብስኩት ላደርስ ወጥቼ፣ መንገዱ በዝናብ ጨቅይቶ የተሳፈርኩበት ሞተር፣ ቦዳቦዳው፣ አላልፍም ስላለ ከመንገድ ተመለስኩ። እቴቴ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ የለውዙን ብስኩት እየፈረፈረች ለጎረቤት ዶሮዎች ትበትናለች። ስታየኝ እጇ ቆመ።

"ይጣፍጣል ብለሽኝ ነበር" አልኳት።

"መራራ ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። "ምላስ ላይ የሚቀር ነገር አለው። እኔ የምበላው አንቺ እንዳታዝኚ ነው። ሳህኑን ስትሰጪኝ ፊትሽን አይተሽው አታውቂም።"

ለእሷ ብዬ የያዝኩት ነገር እሷ ላይ ሌላ ሸክም ሆኖባታል፤ በሽታዋ አልበቃ ብሏት እኔን ስታባብል ከርማለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንድትተወኝ እንጂ እንድታጽናናኝ አልፈለግሁም፤ እሷ ግን ቀጠለች።

"ከጓሮ ስትመለሽ አፍሽ ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል። ለምን ትደበቂኛለሽ? እዚህ ተቀምጠሽ ብዪ። እኔ ጥርስሽ ሳይወጣ ጀምሮ ስትበዪ እያየሁ ነው የጠገብኩት።"

ላደርሰው ከነበረው ብስኩት አንዱን አንስታ ሰጠችኝ። እያየችኝ በላሁ። እሷም ጨው አንሶታል፣ ከመልክሽ ያስታውቃል ብላ ሳቀች፤ እውነትም አንሶት ነበር።

ከዚያ በኋላ የለውዙን ብስኩት አብረን እንደ አዲስ ጀመርነው። ነጩን ማጣፈጫ አስወጣችው፤ ጣፋጭ ካልሆነ ጣፋጭ ነኝ አይበል አለች። ጨው አስጨመረችኝ፣ ሰሊጥ አስነሰነሰችኝ። አሁን አንድ ወይም ሁለት ከሻይዋ ጋር ትወስዳለች፣ ከዚያ በላይ አትደፍርም። ደስ ሲላት ትበላለች፤ ካልጣማት በጁባ ዐረብኛ ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ብላ ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋዋለች፤ እኔም አልከፋም።

ቁስሉ ደርቋል። ሐኪሙ ደህና ይዘሽዋል ብሏታል። እኔ ግን አሁንም ስኳሩን ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ስገለብጥ እጄ ይከብደኛል። እቴቴ ይህን ሳትነግሪኝ አውቃለሁ ትለኛለች፤ ከዚያ ብርጭቆዋን አንስታ ሊጡን መቁረጧን ትቀጥላለች።