የኦፓል ታኬት እጆች

ኦፓል ታኬት በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ አቧራ ውስጥ በካውቦይ ተከታታይ ፊልም ስድስት ዓመት ስትሠራ ፊቷን በቴሌቪዥን ያየ ሰው የለም። እጆቿን ግን አሜሪካ በሙሉ ያውቃቸዋል። ቅዳሜ ማታ ጀግናው ጠመንጃውን በአንድ እጁ በብብቱ ሥር አሽከርክሮ ሲያቀባብል፣ ካሜራው ተጠግቶ የሚያሳየው የእሷን እጆች ነበር። ጀግናው ሮይስ ኬልተን መልከ መልካም ነው፣ ፈረስም ያምርበታል። ጠመንጃ ሲያሽከረክር ግን የሚያሰጋው ለጠላቱ ሳይሆን ለገዛ አገጩ ነው።

ሙያውን ያስተማራት ኦክላሆማ ውስጥ እየዞረ ትርኢት ያሳይ የነበረ አባቷ ነው። ጉልበት አይጠይቅም፤ ጠመንጃውን ከቃታው ሥር ባለው የማቀባበያ ቀለበት ይዞ በገዛ ክብደቱ እንዲዞር መተው ነው። ይህቺን «መተው» ለመማር ሁለት ክረምት ፈጅቶባታል፤ ክርኗ ስንቴ እንዳበጠ እሷም አታስታውስም።

የእጅ ቀረጻ የሚደረገው ከሁሉም መጨረሻ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነው። የሮይስን ሸሚዝ ትለብሳለች፣ የሮይስን ጓንት ታጠልቃለች፣ ሠርታ ትሄዳለች።

አንድ አርብ ፕሮዲዩሰሩ ሚስተር ሃሊገን ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ በፊልሙ የሚታዩት እጆች የሮይስ ናቸው ይላል።

«ጋዜጠኞች መጠያየቅ ጀምረዋል። ፈርሚና እንገላገል።»

«ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም ብዬ ልፈርም?»

«የኔ ቆንጆ፣ ጀግናው የሚተኩሰው በሴት እጅ ነው ቢባል ማን ያየናል?»

«እስከ ዛሬስ የማንን እጅ ሲያዩ ኖሩ?»

«ካልፈረምሽ ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይሽ!»

«አልፈርምም።»

ሃሊገን ፊቱ ቀላ። በተዋናዮች ፈንታ ከፈረስ መውደቅ ሥራው የሆነውን ዳብ ፌሪስን ጠርቶ ጠመንጃውን አስያዘው። ዳብ በመጀመሪያው ዙር ክርኑን መታ፣ በሁለተኛው ባርኔጣውን አበረረ፣ በሦስተኛው አፍንጫው ደማ።

«ጌታዬ፣ ከጣሪያ ዝለል በሉኝ፣ እዘላለሁ። ይሄንን ግን ማሩኝ» አለ አፍንጫውን ይዞ።

ፊልሙ በማግስቱ መላክ አለበት፤ ጀንበሯም ተራራው ጫፍ ደርሳለች። ሃሊገን ኦፓልን ሳያያት «ግቢ በቃ» አላት።

ገባች። ካሜራው መቅረጽ ሲጀምር ጓንቱን ከእጇ መዥርጣ መሬት ላይ ጣለችው። እጇ ወዙ ያለቀ፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ የሴት እጅ ነው፤ መሐል ጣቷን ልጅ ሳለች ማቀባበያው ሰብሮት ወደ ጎን ጠሟል። ጠመንጃውን ሁለቴ አሽከረከረችና ተኮሰች። ጀንበሯ ጠለቀች።

«ጓንቱስ!» ብሎ ጮኸ ሃሊገን። «ድገሚው!»

«በየትኛው ፀሐይ?»

ካሜራ አንሺው ሳቁን ለመደበቅ አጎነበሰ።

ሰኞ ሥራ አልነበራትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ማታ የጎረቤቶቿ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ፣ ያ ጠማማ ጣት የቴሌቪዥኑን መስኮት ሲሞላው አየች። ኦፓል ብድግ አለች።

«እኔ ነኝ!» አለች ጮክ ብላ። «ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ!»