ከአጥር በር የሚመለሱት ጋሼ ፓንቴሊ

የኛ መንደር ሰው ቅጽል ስም ለማውጣት አይሰስትም። ጋሼ ፓንቴሊን «ተመላሹ» ይላቸዋል። ምድጃ ሠሪ ናቸው፤ ሙያውን ከአባታቸው ነው የወረሱት። በየዓመቱ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት ላይ፣ ባልዲያቸውን ብስክሌታቸው ላይ አንጠልጥለው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ከወለል እስከ ጣሪያ የቆመውን፣ አምስት ወር ሙሉ ሲነድ የከረመውን የየቤቱን የጡብ ምድጃ ይፈትሻሉ። በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ያዳምጣሉ፤ ሻማ ለኩሰው በየመገጣጠሚያው ያስጠጋሉ፤ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው አስገብተው ጥላሸት ይዝቃሉ። ሲጨርሱ «በሉ ደህና ሁኑ» ብለው ይወጣሉ። አጥር በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። ከዚያ ይመለሳሉ።

«አንድ ነገር ረስቼ» ይላሉ። ምንም አልረሱም። ገብተው ያንኑ ያንኳኩትን መልሰው ያንኳኳሉ። አንድ ጊዜ እኔ ቤት አራቴ ተመልሰዋል። መጠጥ ቤት በር ላይ የሚቀመጡት ወንዶች «ዛሬ ስንቴ ይመለሳሉ» እያሉ በቢራ ይወራረዱባቸዋል።

ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ውኃ በባልዲ ውስጥ ድንጋይ በሚሆንበት በጥር ብርድ፣ አልጋቸው አጠገብ ያለውን መስኮት ገርበብ አድርገው ነው የሚተኙት። «ይሄ ሰውዬ ነካ ያደርገዋል» እንል ነበር። እኔም ብያለሁ። አፌ አያርፍም፤ ምን ልደብቅ።

ሴቶቹን አንድ ነገር ብቻ ይለምኑን ነበር። «እባካችሁ፣ እኔ ሳላየው ምድጃውን ኖራ አትቀቡት። ጥቁሩን ተዉልኝ። የሚነግረኝ ጥቁሩ ነው።» እሺ እንላለን፤ ከዚያ እንቀባለን። እንዴት አንቀባም? ፋሲካ እየመጣ ምድጃዋ ያልነጣ ሴት ምን ሴት ናት? ደግሞ እሳቸው አርባ ቤት ገብተው ነው እኔ ጋ የሚደርሱት። የአርባ ሴት ምድጃ አይተው የኔን ጥላሸት ሊያዩ? ሞቼ ነው ቆሜ!

አምና ብርዱ ለጉድ ነበር። ልጄ ቪዮሪካ በየካቲት መጨረሻ ወለደች። ባሏ ጣልያን አገር ግንበኛ ስለሆነ እኔ ቤት ነው የታረሰችው። አርባ ቀኗ ሳይሞላ ደግሞ ደጅ አትወጣም። አልጋዋን ከምድጃው ጋር አስጠጋሁ፤ የመስኮቱን ዳር ዳር በወረቀት ለጠፍኩ፤ ቀዳዳውን ሁሉ ጥጥ ወተፍኩበት። ከዚያ አራስ አይብረዳት ብዬ ቀን ከሌት አነደድኩላት።

ሳይቆይ ራስ ምታት ጀመራት። ጠዋት ጭንቅላቷን ይዛ ትነሳና «እማ፣ ሊፈነዳ ነው» ትለኛለች። ያስመልሳታል። ሕፃኗ ኢሊንካ ደግሞ አታለቅስም። ትተኛለች፣ አሁንም ትተኛለች። ሊጠይቁ የሚመጡት ጎረቤቶች «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት! ማርያም ታሳድጋት» ይላሉ። ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ጎንበስ ብዬ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። በቃ፣ ዓይን በላቸው አልኩ። እናቴ እንዳስተማረችኝ ዘጠኝ ፍም አውጥቼ አንድ በአንድ ውኃ ውስጥ እየጣልኩ ጸሎቱን ደገምኩ፤ በውኃው ግንባራቸውን አበስኩ፤ የልጅቷ እጅ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ፍሙን ያወጣሁት ከዚያው ምድጃ ነው። 

ጋሼ ፓንቴሊ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ከአልጋው ራስጌ በስተጀርባ፣ ምድጃው ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ወደ ላይ ወጥቶ አየሁ። ተናደድኩ እንጂ አልፈራሁም። በጨርቅ ጠረግኩት፣ ጭቃ መረግኩበት፣ ከዚያ ምድጃውን ከላይ እስከ ታች ኖራ ቀባሁት።

ሲመጡ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ቆመው ምድጃውን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ዶምኒካ፣ በጣም ነጭ ነው።»

«ባለፈው ፋሲካ የቀባሁት ነው፣ ጋሼ።»

«ባለፈው ፋሲካ?»

«ታዲያ መቼ? እኔ እንደነ እገሊት ቆሻሻ ቤት አላከርምም።»

ባልዲያቸውን አስቀመጡ። አንኳኩ፣ አዳመጡ፣ ፍሙን ወደ ጥግ ገፍተው አንድ ባልዲ ተኩል ጥላሸት አወጡ። ወደ አልጋው ሲዞሩ «ይሄን ሳብ እናድርገው» አሉ።

«ኧረ ልጅቷ ተኝታለች!»

«ቀስ ብለን።»

«አይሆንም፣ ጋሼ። እናቷም ራሷን አሟት አሁን ገና ነው ሸለብ ያደረጋት።»

«ራሷን ያማታል?»

«ዓይን ነው። ዓይን በልቷታል።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ግን ያቺን የጠረግኳትን መስመር እንዳያዩብኝ ብዬ ቀደምኳቸው፤ እየሳቅኩ ወደ በሩ ሸኘኋቸው። «ጋሼ ፓንቴሊ፣ ዛሬ እንኳ በአንድ ጉዞ ይሂዱ እንጂ! አሁን ከበር ተመልሰው ብርድ ያስገቡብኛል። የኛስ ምድጃ ደህና ነው፤ መንደሩ ሁሉ የሚስቀው በእርስዎ ነው።»

እንዲህ ነው ያልኳቸው። ሽማግሌ ሰው! ጆሯቸው ቀላ። ባልዲያቸውን አንስተው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ አጥር በሩን ይዘው ቆሙ። ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየኝ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ከፍተው ወጡ። አልተመለሱም።

ተገላገልኩ ብዬ ወደ ልጆቼ ገባሁ። ኢሊንካ የምትጠባበት ሰዓት ስለነበር አነሳኋት። አልነቃችም። ጉንጯን ነካሁት። እግሯን ኮረኮርኩት፤ ጣቶቿ ላላ እንዳሉ ቀሩ። «ቪዮሪካ!» አልኩ። ቪዮሪካ ዓይኗን ከፍታ ልትነሳ ስትሞክር ወደ ግድግዳው ተደገፈች። «እማ፣ ቤቱ ይዞርብኛል» አለች። ከንፈሯ ቀልቷል። እኔ ደግሞ ያየሁት የሷን ፊት ብቻ አይደለም። ከትራሷ በላይ፣ ያ መስመር የነበረበት ቦታ ታወሰኝ። ልክ የሁለቱ አፍንጫ ያለበት ነው።

ወይኔ አምላኬ! መስኮቱን ከነወረቀቱ ገነጠልኩት። ሕፃኗን አቅፌ፣ ቪዮሪካን በብብቷ እየጎተትኩ ማድ ቤት አስገባኋት፤ የጓሮውን በር በረገድኩላቸው፤ ልጅቷን ከነብርድ ልብሱ ክንዷ ላይ አስቀመጥኩላት። ከዚያ በነጠላ ጫማ፣ ያለ ሻሽ፣ በጭቃው ላይ ሮጥኩ።

ጋሼ ፓንቴሊ ብስክሌታቸውን እየገፉ ከመንደሩ የውኃ ጉድጓድ አልፈዋል። «ጋሼ! ጋሼ ፓንቴሊ! ይመለሱ!» እያልኩ ጮህኩ። መጠጥ ቤት በር ላይ ያሉት ሳቁ። አንዱ «ዘንድሮ ደግሞ ተጠርተው ነው የሚመለሱት!» አለ። ፀጉሬ ተበትኖ፣ አንድ እግሬ ጫማ የለውም። የማፍርበት ጊዜ አልነበረም።

እሳቸው አልሳቁም። «ምን ሆንሽ?» እንኳ አላሉኝም።

«የት ጋ ነው የጠረግሽው?» አሉኝ።

«ራስጌው ጋ» አልኳቸው።

ብስክሌታቸውን መንገድ ላይ ጥለው ሮጡ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው የቀረበ ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። «ለአምቡላንስ ደውሉ!» ብለው ወደነዚያ ሳቂዎች ሲጮሁ ሳቃቸው ቆመ።

ማድ ቤት ስንደርስ ቪዮሪካ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነፋሱን ትስባለች። ልጅቷ አሁንም ዝም ብላለች። ጋሼ ፓንቴሊ ተንበረከኩ፤ ብርድ ልብሱን ከደረቷ ገለጥ አድርገው ቀዝቃዛው አየር ፊቷን እንዲመታት አዞሯት። ያኔ እኔ አልጸለይኩም፤ ጸሎቱ ሁሉ ጠፋብኝ። «ጩኺ፣ በናትሽ ጩኺ» ብቻ ነበር የምለው። አንድ ጊዜ ፊቷ ጭምድድ አለ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ ወጣት። ከዚያ ጮኸች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጮኸች!

አምቡላንሱ ወሰዳቸው። ከተማው ሆስፒታል ሁለት ቀን ኦክስጅን እየተሰጣቸው ተኙ። ሐኪሟ በስልክ «አንድ ሁለት ሌሊት ቢጨምሩ ኖሮ...» ብላኝ ሳትጨርሰው ተወችው። ስልኩን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አምቡላንሱ በወሰዳቸው በማግስቱ ጋሼ ፓንቴሊ አልጋውን ስበው ኖራውን በቢላ ፋቁ። እርጥብ ጭድ ምድጃው ውስጥ አነደዱና «እይ» አሉኝ። የኔው ጭቃ ደርቆ በፀጉር ውፍረት ተሰንጥቆ፣ ጭሱ በዚያች ቀጭን መስመር ይወጣ ነበር። ከውስጥ በእሳት ብዛት የሁለት ጡብ መጋጠሚያ ፈርሷል።

«የሚታየው ጭስ ወዳጅ ነው» አሉ፤ ጡቡን እየነቀሉ። «ያስልሻል፣ ትሸሺዋለሽ። የሚገድለው አይታይም፣ አይሸትም።»

«ለምን አልተመለሱም፣ ጋሼ?» አልኳቸው። አፌን አያችሁ? እኔው አባርሬያቸው እኔው እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ጭቃውን አቦኩ። በኋላ ነው የነገሩኝ። ታናሽ እህታቸው ወዲያ ማዶ፣ ሸለቆው ውስጥ ትኖር ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት እንዲሁ በጾም ምድጃዋን አይተውላት ወጡ። ነጭ ነበር፤ አዲስ የተቀባ። አጥር በሩ ጋ ሲደርሱ ልባቸው «ተመለስ» አላቸው። የእህታቸው ባል ቀልደኛ ነበር፤ ይስቅብኛል ብለው ሄዱ። ለፋሲካ ሰው ሲያንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። ሁለቱም አልጋቸው ላይ ነበሩ።

«ትናንት በርሽን ይዤ ስቆም» አሉ፣ «ያው ድምፅ መጣብኝ። ግን ሳቅሽብኝ። ይኸውልሽ፣ ሰው በሰማንያ ዓመቱም ሳቅ ይፈራል።»

ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ፤ ጭቃ በጭቃ ነበር።

አምና ፋሲካን ያሳለፍኩት ጭቃ በተለጠፈበት ጥቁር ምድጃ ነው። እንግዳ መጣ፣ አየ፣ አማ። ይማ! ዘንድሮም እሳቸው ሳያዩት ኖራ አልነካሁም። ባለፈው ሳምንት መጡ፣ አንኳኩ፣ ጥላሸቱን አንብበው «ደህና ነው» አሉኝ፤ ባልዲያቸውን አንስተው ወጡ። አጥር በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር ሳይሉ ቆሙ፤ ማፈራቸው ጀርባቸው ላይ ያስታውቃል። ዞር ሲሉ ያገኙኝ በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነው። ቤቱ ይቀዝቅዝ።

«ይግቡ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «አንድ ነገር ረስተዋል።»

ከውስጥ ኢሊንካ ማንኪያዋን ተቀምታ መንደሩን በጩኸት ታናውጠዋለች። ጋሼ ፓንቴሊ ደፍ ላይ ቆመው ያችን ጩኸት ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ ጫማቸውን ጠርገው ገቡ።