«ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ» ያሉኝ ጠበቃ

ጋሽ መስፍን አረፉ ሲሉኝ «የትኛው መስፍን?» ብዬ ጠየቅኩ። ሌላ የማውቅ ይመስል።

አርብ ዕለት እኮ እዚህ ቻምብሊ ከተማ ባለው ቢሯቸው በር ላይ ቆመው፣ መኪናዬን አጣምሜ ፓርክ በማድረጌ ሲስቁብኝ ነበር። አሁንም አላመንኩም።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ነው። እኔ ግን በአንድ ክስ ነው ያወቅኳቸው። ታሪኩ እኔን አያስመሰግነኝም፤ ቢሆንም ልናገረው።

ኮሌጅ ፓርክ ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሳለሁ ከቁርስ ክፍሉ የአንዲት እንግዳ ቦርሳ ጠፋ። ፖሊስ ሬይን ጠረጠረ። ሬይ አቦርጂናል ከሚባሉት የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የተወለደ፣ ዝምተኛ እንግዳችን ነበር። ስለ እሱ ስጠየቅ፣ «ሳናግረው ዓይኑን ይሰብራል፤ የሚደብቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። ቃሌ ተጻፈ፤ ሬይም በስርቆት ተከሰሰ።

ጋሽ መስፍን ጠበቃው ሆነው ሊያነጋግሩኝ መጡ። ቃሌን ብለውጥ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ስለፈራሁ ያንኑ ደገምኩላቸው። አልተቆጡም።

«ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ፤ የመሰለሽን ተይው» አሉኝ።

ያየሁትማ ያን ጠዋት ሬይ ሎቢው ውስጥ ተቀምጦ ወደ ኤርፖርት የሚወስደውን የሆቴሉን መኪና ሲጠብቅ ነው። ቁርስ ክፍሉ አጠገብ አላየሁትም።

«አንቺስ ልጄ፣ እኔ ሳናግርሽ ምን እያየሽ ነው?»

ጫማቸውን ነበር የማየው። ትልቅ ሰው ሲያናግረኝ ቀና ማለት አልለመድኩም። ሬይም እንደዚሁ ነው ያደገው አሉኝ፤ የማያውቁት ሰው ላይ ማፍጠጥ ቤተሰቡ ዘንድ ነውር ነው። ከማንም በፊት ሊገባኝ ሲገባ ሌባ አደረግኩት። በጣም አፈርኩ።

ፍርድ ቤት ቀርቤ ይህንኑ ተናገርኩ። ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ ለምን ዋሸሽ ሲለኝ፣ «አልዋሸሁም፤ የመሰለኝን እንዳየሁት አድርጌ ነው የተናገርኩት» አልኩት።

ሬይ ነጻ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሊያመሰግነኝ ሲመጣ እሱም መሬት መሬት ያያል፣ እኔም መሬት መሬት አያለሁ። ጋሽ መስፍን በመሃላችን ቆመው «ሁለታችሁ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ብለው ሳቁብን።

ጋሼ፣ ይህን የምጽፈው በርዎ ላይ መኪናዬን አቁሜ ነው። ዛሬም አጣምሜዋለሁ። አረፉ ያሉኝ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ያየሁት ሲስቁ ነው።

ደህና ይሁኑ። በቀብርዎ ዕለት አንገቴን ደፍቼ እቆማለሁ። ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።